ናፍጣ ሞተር ለማስነሳት ሱፐርካፓሲተርን ከባትሪ ጋር ማጣመር

ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) በበቂ ፍጥነት ካላዞረው ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ተወስዶ ሞተሩ ሳይነሳ ይቀራል። በብርድ ጊዜ ዘይቱ ስለሚወፍር ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ባትሪው ደግሞ ኬሚካላዊ ሂደቱ ስለሚዘገይ ልክ በዚያው ሰዓት ይደክማል።

ሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሪክን የሚያከማቸው በኬሚካላዊ ለውጥ ሳይሆን በኤሌክትሮዶቹ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሰጣል። የሚይዘው ግን ትንሽ ነው። እያንዳንዳቸው 3000 ፋራድ (የካፓሲተር የመያዝ አቅም መለኪያ) የሆኑ ስድስት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 500 ፋራድ ይሆናሉ፤ በ14 ቮልት ሲሞሉም የሚይዙት 49 ኪሎጁል ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በስሌት 4,300 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል። ስለዚህ «ባትሪውን አውጥቶ በካፓሲተር መተካት» የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። ለማስነሳት ግን ያ ትንሽ መጠን ይበቃል፤ ቮልቴጁ ከ14 ወደ 9 እስኪወርድ የሚለቀቀው 29 ኪሎጁል ያህል፣ 4 ኪሎዋት የሚስብ ሞተሪኖን ለሰባት ሰከንድ ገደማ ያዞራል።

ዋናው ጥያቄ አገናኙ ነው። ሁለቱ በቀጥታ በትይዩ ከተያያዙ ቮልቴጃቸው ምንጊዜም እኩል ስለሚሆን፣ መብራት በርቶ ሲያድር ካፓሲተሩም ከባትሪው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ይህ አያያዝ የሚጠቅመው ባትሪው ሲበርደው እንጂ ሲያልቅ አይደለም። እኔ የምመርጠው ካፓሲተሩ ለሞተሪኖው ብቻ፣ ባትሪው ለቀረው ሁሉ ሆኖ፣ በመካከላቸው ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ የሚገባበትን አሠራር ነው። ሞተሪኖውን ማዞር ያቃተው ባትሪ እንኳ 20 አምፔር ብቻ መስጠት ከቻለ ካፓሲተሩን በጥቂት ደቂቃዎች ይሞላዋል። ዋጋው ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ባትሪው ከከባድ ሸክም ማረፉ ግን ዕድሜውን ስለሚያራዝም ወጪው በከንቱ አይቀርም።

አንድ ሴል በተለምዶ ከ2.7 ቮልት በላይ መሞላት ስለሌለበት ሴሎቹን የሚያመጣጥን ሰርኪዩት ግድ ነው። ባዶ ካፓሲተርን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ሁለቱን ተርሚናሎች በሽቦ ከማገናኘት ብዙም አይለይም፤ መጀመሪያ ፍሰቱን በሚገድብ ሬዚስተር በኩል ቀስ ብሎ መሞላት አለበት። የባትሪውን ገመድ መፍታትም መስመሩን ከአደጋ ነጻ አያደርገውም፤ የተሞላው ካፓሲተር በተርሚናሎቹ ላይ የወደቀን መፍቻ ሊያቀልጥ ስለሚችል፣ ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊት ካፓሲተሩም ከመስመሩ መለየት ይኖርበታል።