ጳጉሜ ስድስትን የረሳ ሶፍትዌር

ሥራ የጀመርኩት በ2014 ነው። ደሴ ከጦርነቱ ወጥታ ገና ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ስድስት ሰው። የተቀጠርኩት ለደንበኛ አገልግሎት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ገዛሁ፣ አፑን ሞከርኩ፣ የቤት ኪራይ ተደራደርኩ፣ በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ ሁለት ሱቅ አስመዘገብኩ። "ቆይ፣ የኔ ሥራ ምንድን ነው?" ስለው መሥራቹ ሳቀ። "የጎደለውን መሙላት" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

የምንሠራው የዱቤ ደብተር ነው፣ በስልክ። ስኳሩም ዘይቱም በዱቤ ይወጣል፣ ይጻፋል፣ ደመወዝ ሲገባ ወይም እህል ሲሸጥ ይሰረዛል። በጦርነቱ ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ነጋዴዎች ዕቃው ብቻ አይደለም የሄደባቸው። ደብተሩም አብሮ ሄዷል። ማን ስንት እንዳለበት በሰው ህሊና ላይ ቀረ። ስለዚህ "ስልክዎ ቢጠፋ እንኳ ዱቤዎ አይጠፋም" ስንል ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም። ሱቅ ሱቅን እየጠራ መጣ። ዓመት ሳይሞላ ሠላሳ ሰው ሆንን። ፕሮግራም የሚጽፉት ልጆች አብዛኞቹ አዲስ አበባ የተከፈተው ቢሮ ገቡ።

በፍጥነት ማደግ ከውጭ ሲያዩት ደስ ይላል። ከውስጥ ግን ትናንት "ለጊዜው" ብለህ ያለፍከው ነገር ሁሉ ተሰልፎ ይመጣብሃል። ለምሳሌ ስም። ሱቁ ሃምሳ ባለዱቤ ሲኖረው በጣት እያንሸራተቱ ማግኘት ይቻላል። አምስት መቶ ሲሆን መፈለግ ግድ ነው። "ፀሐይ" ተብላ የተመዘገበችን ሴት "ጸሀይ" ብሎ የጻፈ አያገኛትም። ሁሴንም ሑሴንም ያው ጎረቤት ነው፤ ለአፑ ግን ሁለት ሰው ነው። አንድ ነጋዴ አንዲትን ሴት ሦስት ጊዜ መዝግቦ ዕዳዋን ለሦስት ከፍሎት አገኘሁት። መፍትሔው ቀላል ነው። ነጋዴው የጻፈው እንዳለ ይቀመጣል፤ ፍለጋው ግን ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ሳይለይ ያያል። መጀመሪያ ቢታሰብበት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ዘግይተን ስለደረስንበት ግን የተባዙትን ስሞች በእጅ ማዋሐድ ወር ፈጀብን።

ዋናው ጉድ ግን ጳጉሜ ናት።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ደሴ ላይ ስልክና ሜሴጅ ይሠራ ነበር። አፑ ያለ ኔትም ይመዘግባል፤ የመዘገበው ወደ ሰርቨር የሚሄደው ግን ኔት ሲያገኝ ነው። አላገኘም። በዚያ ወር የተከፈለ ዱቤ ነጋዴው ስልክ ላይ ተሰርዟል፤ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ለባለዱቤው ሜሴጅ የሚልከው ደግሞ ሰርቨሩ ነው።

ጳጉሜ 2 ይመስለኛል፣ ቡና ላይ ነን። አቦሉ ተቀድቷል። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ከሰሉን እያራገቡ "ዘንድሮ እኮ ጳጉሜ ስድስት ናት። ዘመነ ሉቃስ አይደል?" አሉ። የምናወራው ስለ ዶሮ ዋጋ ነበር። "አንድ ቀን ተጨመረልን" ብለን ሳቅን። ቶናው መጣ፣ በረካው መጣ፣ ተነሣን።

ጳጉሜ 6፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዱ።

"ልጄ፣ ምን አደረግኋችሁ? ከሰው አጣላችሁኝ እኮ!"

ጎረቤታቸው ነሐሴ ላይ በእጁ ቆጥሮ ከፍሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት "የዱቤዎ መክፈያ ቀን አልፏል" የሚል ሜሴጅ ደረሰው። ስልኩን ይዞ ሱቅ መጣ፤ ገበያተኛ በተሰበሰበበት "ይኸው፣ ቀማኛ አደረግኸኝ" አለ።

ነገሩን ስንመረምር የቀን መቁጠሪያውን የጻፈው ልጅ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት አድርጓታል። ለሦስት ዓመት ይሠራል፤ በአራተኛው ይወድቃል። ሰርቨሩ በዚያ ጠዋት መስከረም 1 ቀን 2016 ገብቷል ብሎ አምኗል። "ዓመቱ ሳያልቅ እከፍላለሁ" ያለው ሰው ሁሉ ቀኑ አለፈበት። ኔቱ ባይቋረጥ የከፈሉት ሰዎች እንኳ ይተርፉ ነበር። ሁለቱ ነገር ተገናኝቶ የከፈለውንም ያልከፈለውንም አንድ ላይ ሰደበ።

ኮዱ የተስተካከለው በደቂቃዎች ነው። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከቀረው ጳጉሜ ስድስት ናት፣ አለቀ። ይቅርታው ግን በዓሉን በላው። ቢሯችን በመስመር የሚገባ ኢንተርኔት ስለነበረው ነጋዴዎቹን ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ አልናቸው። ደረጃው ላይ የተሰለፈው ሰው ቦኖ ላይ ውሃ የሚቀዳ ይመስል ነበር። መምጣት ያልቻሉት ጋ ደብተር ይዤ በእግሬ ዞርኩ።

እህል ነጋዴው ጋ ስደርስ "የእኛ ጥፋት ነው፣ አባባ" አልኳቸው። ዝም ብለው ጎረቤታቸውን አስጠሩ። መዳብ ሚዛኑ አጠገብ ሰዉ ሁሉ እያየ ያንኑ ቃል ደገምኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። "ሰው ፊት የተበላሸ ሰው ፊት ይቃናል" አሉና "አብሽሪ፣ በይ ሻይ ጠጪ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ከነጋዴው ስልክ ጋር ካልተገናኘ ሜሴጅ አይልክም፤ ሲገናኝም ነጋዴውን "ልላከው?" ብሎ ይጠይቃል።

ሌሊት ሌሊት የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። እትዬ ነግረውን ነበር! ስድስት ሰው በነበርንበት ጊዜ ቢሆን ያ ፕሮግራመር እዚያው ሲኒ ይዞ ይሰማቸው ነበር። አሁን አዲስ አበባ ነው፤ እኛም የሰማነውን ለማንም አላልንም። "ቡና ላይ የተባለ" የሚል የጋራ ፋይል ከፈትኩ። በቀን ሦስት መስመር፣ ዶሮ ዋጋውም ሳይቀር። መጀመሪያ ተሳቀብኝ። አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ስለ ገንዘብም ልናገር። ያን እንቁጣጣሽ ስሠራ ዋልኩ፣ ከዚያ በፊትም ስንት ሌሊት አመሸሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያነበብኩት ያኔ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በሕዝብ በዓል የተሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ይዤ ስሄድ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ተባልኩ። ቤተሰብነቱን እወደዋለሁ፤ ኪራዬን ግን አይከፍልልኝም። ግማሹን ከፈሉኝ። በአፍ የተነገረኝን አክሲዮን ግን ሳይፈረም አላምንም ብዬ በወረቀት አስጻፍኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 አለፈ። የሰርቨር ኪራይ የምንከፍለው በዶላር ነው። ሁለት ልጆች ተሰናበቱ። ስለእሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ። እህል ነጋዴው ግን እኔንም ስልኬንም አያምኑም። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባደድ ይደውላሉ።

"ልጄ፣ ዘንድሮ በእናንተ ቤት ጳጉሜ ስንት ናት?"