ሴንሰሩ በማን እጅ ሞተ?

ጋዝ መለኪያዎቹ የተገዙት በሰኔ ነው። በሰኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚገዛ የሠራበት ያውቀዋል፤ በጀቱ ተመላሽ ከሚሆን የተገኘው ይገዛ ይባላል፣ ይገዛል። የከተማ አስተዳደሩ የፍሳሽ ክፍል ያቀረበው ስፔሲፊኬሽን አንድ መስመር ነበር፦ «ባለ 4 ጋዝ መለኪያ፣ ብዛት 2»። ናሙና የሚስብ ፓምፕና ቱቦ አልተጠቀሰም። መለኪያው በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጥበት የመፈተሻ ጋዝ ሲሊንደርም አልተጠቀሰም። ቢጠቀስም ሲሊንደሩ አላቂ ዕቃ ነው፣ መለኪያው ግን ቋሚ ንብረት፤ የበጀት መደባቸው ለየቅል ስለሆነ በአንድ መጠየቂያ አይሄዱም። መለኪያዎቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆኑ፣ መለያ ቁጥር ተለጠፈባቸው፣ ከነካርቶናቸው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው።

ሦስት ዓመታዊ ቆጠራ አለፈ። በሦስቱም የተጻፈው አንድ ነው፦ ብዛት 2፣ ጉድለት የለም፣ ሁኔታ አዲስ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቡድኑ ማንሆል ሲገባ የኖረው በጧፍ ነው። ክዳኑ ይነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ጧፍ በሲባጎ ታስሮ ይወርዳል። ከጠፋ ይጠበቃል፤ ካልጠፋ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ይገባል። በዘዴው መሳቅ አይገባም፤ ለኦክስጅን እጥረት በመጠኑ ይሠራል። ጧፍ የሚጠፋው ኦክስጅኑ ከመደበኛው 20.9 በመቶ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። በፍሳሽ ማንሆል ግን በሁለት በኩል ይከዳል። ሜቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ተቀላቅሎ ከጠበቀው ጧፉ ራሱ ክብሪት ይሆናል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ በ1,000 ፒፒኤም ሰውን በአንድ ሁለት ትንፋሽ ይጥላል፤ ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ስለሆነ 1,000 ፒፒኤም ማለት 0.1 በመቶ ነው፣ ነበልባሉ ከነመኖሩም አይሰማውም። የተበላሸ ዕንቁላል ሽታውን የሚያምኑም አሉ። ጋዙ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ «አሁንስ ሽታው ለቀቀ» የሚባልበት ሰዓት መሸሻው ሰዓት ነው።

ለሥራ ደህንነት አዲስ የተመደበችው ባለሙያ ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልታ፣ አስፈርማ ግምጃ ቤት ወረደች። የግምጃ ቤት ኃላፊው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት።

«ይሄ ዕቃ ዋጋው ከባድ ነው ልጄ። ማነው የሚረከበው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ቡድኑ ዛሬ ማንሆል ሊገባበት ነው።»

«ማንሆል ውስጥ?» ደነገጡ። «ቢወድቅስ?»

«ሰውዬው ቢወድቅስ ጋሼ?»

«ሰውዬው እኔ ካርድ ላይ የለም።»

ይህን ያሉት በክፋት አይደለም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። የግምጃ ቤት ሰው ክሊራንስ ሲጠይቅ እያንዳንዱ የንብረት ካርድ ይመሳከራል፤ የጎደለው ከደመወዙ ይታሰባል፣ ካልተወራረደም ጡረታው ይጓተታል። የቀን ሠራተኛ ሕይወት በማንም ካርድ ላይ ወጪና ገቢ አይደረግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ይህ ግን በጥቅሉ «አሠሪው» ላይ የወደቀ ግዴታ ነው። የመለኪያው ግዴታ ያለው በስም፣ በፊርማና በደመወዝ መክፈያው ላይ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ በዚያ ግቢ አደጋን በትክክል አስልተው የሚሠሩት ብቸኛው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ የሚያሰሉት ግን የራሳቸውን ብቻ ነው።

ሞዴል 22 ተቆርጦ ዕቃው ወጣ። ካርቶኑ ተቀደደ፣ አንደኛው ተሞላ፣ ግቢው መሐል በራ። ወዲያው ጮኸ። ኦክስጅን 17.1።

ፎርማኑ ዙሪያውን ቃኘ። «እንግዲህ ሁላችንም ሞተናል ማለት ነው» አለ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ።

አንድ መሐንዲስ ከፎቅ ወርዶ ነገሩን አበረደው። «ከፍታው ነው። መሣሪያው የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው፣ እኛ ደጋ ነን። ማስጠንቀቂያውን አጥፊውና ሥሩ።»

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፣ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። በመቶኛ ሲሰላ ኦክስጅኑ ያው 20.9 ነው፤ የሚሳሳው አየሩ ራሱ ነው። ሴንሰሩ፣ ማለትም በመለኪያው ውስጥ ጋዙን የሚያውቀው ክፍል፣ መቶኛውን ሳይሆን የኦክስጅኑን ግፊት የሚለካ ዓይነት ከሆነ፣ በባሕር ጠለል ተስተካክሎ መጥቶ እዚህ ሲከፈት 16 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው ግን ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት አይደለም። ከመኪና ጭስና ከጄኔሬተር ርቆ፣ ንጹሕ አየር ላይ ጥቂት አቆይቶ በንጹሕ አየር ማስተካከል ነው። ጤነኛ ሴንሰር 20.9 ላይ ይቆማል።

ባለሙያዋ ይህንኑ አደረገች። መሣሪያው ማስተካከያውን አልቀበልም አለ። ሁለተኛውን አበራችው፤ 16.4 አለ፣ ጥቂት ቆይቶ 15.8።

«ኢንጂነር፣ ከፍታው ለሁለቱም አንድ አይደል?» አለችው። «ለምን ቁጥራቸው ይለያያል? ደግሞስ ቆመን ሳለን ይሄኛው ወዴት ነው የሚወርደው?»

መሐንዲሱ ስልክ ተደውሎለት ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኦክስጅን ሴንሰር በውስጡ እርሳስ ያለበት ትንሽ ባትሪ ነው። አየር ባገኘው መጠን እርሳሱ ይበላል፣ መሣሪያው ቢበራም ባይበራም። ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረውም ከተሠራበት ወር እንጂ ከካርቶን ከወጣበት ቀን አይደለም። የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሴንሰሮች ሁለት ሦስት ዓመት፣ የተቀጣጣይ ጋዙ ትንሽ ይረዝማል፤ ሲሊኮን ያለው ቅባት ወይም ማሸጊያ አጠገቡ ከተረጨ ግን በአንድ ቀንም ሊደነዝዝ ይችላል።

ኦክስጅኑ ደግ ነው፤ ሲሞት ቁጥሩ ወርዶ ይጮሃል። የሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ዝም ብሎ ይሞታል። የሞተ ሴንሰር ዜሮ ያሳያል፣ ጤነኛውም በንጹሕ አየር ዜሮ ያሳያል። ሁለቱን የሚለየው መጠኑ የታወቀ ጋዝ ነፍቶ ማየት ብቻ ነው። የተለመደው ቅልቅል 25 ፒፒኤም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ 100 ፒፒኤም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 2.5 በመቶ ሜቴን፣ 18 በመቶ ኦክስጅን፣ የቀረው ናይትሮጅን ሲሆን በደቂቃ ግማሽ ሊትር በሚለቅ ሬጉሌተር ይነፋል። ከሥራ በፊት የሚደረገው ይህ ሙከራ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ሲሊንደሩ ግን አላቂ ዕቃ ነበር፣ አልተገዛም።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩ ሞቷል።»

«እንዴት ይሞታል? እጅ አልነካውም እኮ!»

«እንጀራ መሶብ ውስጥ ተከድኖ ስለዋለ ሻጋታ ይፈራዋል?»

«እንጀራ መለያ ቁጥር የለውም» አሉና ሞዴሉን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ባለሙያዋ የመግቢያ ፈቃዱን አልፈርምም አለች። የተዘጋው መስመር ገበያ አጠገብ ነው፣ ፍሳሹ አስፋልት ላይ ወጥቷል፣ ወረዳው ይደውላል። ፎርማኑ «እናንተ ዛሬ መጣችሁ፣ እኛ ስንት ዓመት ገብተናል፤ ሰው ቢደክመው ሌላው ገብቶ ያወጣዋል» አላት። ይህች «ሌላው ገብቶ» ናት ሬሳውን ሁለትና ሦስት የምታደርገው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ እንደዚህ ባሉ ጠባብ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ እንደሆኑ ጽፏል። በ60 ሳንቲ ሜትር አፍ ራሱን የሳተ ሰው በወገቡ ባሰረው ገመድ ሲጎተት ለሁለት ይታጠፍና እዚያው ይሰነቀራል። ሙሉ የሰውነት ቀበቶ፣ ከላይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና የእጅ ዊንች ያስፈልጋል፤ ላይ ያለው ጠባቂም ምንም ቢመጣ አይገባም።

«ከላይ ሆናችሁ አትሠሩትም?» አለችው።

«በምን? ዘንግ የለንማ።»

ዘንጎቹ ጫፍና ጫፋቸው ጥርስ ያለው፣ እርስ በርስ የሚጠመዘዙ፣ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ የብረት ዘንጎች ናቸው። ከ40ዎቹ የቀሩት 11 ነበሩ። የተሰበሩት ይወገዱ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎላቸው ጓሮ ተከምረዋል። እነሱ ሳይወገዱ ደግሞ ምትክ አይገዛም።

ከጎረቤት ወረዳ ዘንግ በውሰት መጣ። ሥራው የተጀመረው ከሞላው ማንሆል ሳይሆን ከመዘጊያው በታች ካለው ደረቅ ማንሆል ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ዘንጉ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚዞረው። አንድ ጊዜ ወደ ግራ ከዞረ ቱቦው ውስጥ ይፈታና 20 ሜትር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ መቆፈር ነው። መዘጊያው ሲለቅ የታቆረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ታች ሰው ቢኖር ኖሮ ጋዙን ትተን ውኃው ይበቃዋል። የወጣው ያው የተለመደው ነው፦ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የረጋ ቅባት፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ማንም አልገባም።

ፎርማኑ ዘንጉን እያጠበ «ድሮም በዘንግ ነበር የምንሠራው» አለ። «ዘንጉ ሲያልቅ ነው ሰው ማስገባት የጀመርነው።»

በሦስተኛው ቀን ለባለሙያዋ ደብዳቤ ደረሳት። በሞዴል 22 በስሟ ወጪ የሆኑ ሁለት ጋዝ መለኪያዎች በእጇ እያሉ ከአገልግሎት ውጪ በመሆናቸው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማብራሪያ እንድትሰጥ ይላል። የንብረት ኮሚቴው ፊት ቀርባ የተጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ በማን እጅ ሞተ? ስትረከብ «አዲስ» ነበር፣ ስትመልስ አይሠራም፣ በመሐል ያለችው እሷ ናት።

የመለሰችው በአንድ ገጽ ነው። ሴንሰሩ ላይ የታተመውን የምርት ወር፣ ከመመሪያ መጽሐፉ ላይ የ24 ወር ዕድሜ የሚለውን መስመር፣ ዕቃው ከግምጃ ቤት የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ ያልተጠየቀችውን አያያዘች፦ ከፋይል ያወጣቻቸውን የሦስት ዓመት የማንሆል መግቢያ ፈቃዶች። ሁሉም ላይ የጋዝ ልኬት አለ፤ ኦክስጅን 20.9፣ ተቀጣጣይ ጋዝ 0፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 0፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0። ቁጥሮቹ ቅጹ ኮምፒውተር ላይ ሲዘጋጅ አብረው የተተየቡ ናቸው፤ በእጅ የሚሞላው ቀኑና ፊርማው ነው። መለኪያዎቹ ያኔ ካርቶን ውስጥ ነበሩ።

ኮሚቴው የመለኪያዎቹን ጉዳይ ዘጋ፤ የሚከፍል ሰው አልተገኘም። ስለ ፈቃዶቹ ቃለ ጉባኤው ላይ ምንም አልሰፈረም፣ የንብረት ጉዳይ ስላልሆኑ። መለኪያዎቹ ግን «ይወገዱ» ተባሉ፤ ይወገድ ለተባለ ዕቃ ደግሞ መለዋወጫ አይገዛም። ሴንሰር መቀየር በአንዲት ካቻቢቴ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ካሊብሬሽን ነው። ውሳኔውን ለማስነሳት ከአንድ የበጀት ሩብ ዓመት በላይ ወሰደ።

አዲሱ ስፔሲፊኬሽን ገጽ ተኩል ሆኗል። ዕቃው ርክክብ ሲደረግ ሴንሰሩ ከተሠራ ከስድስት ወር ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ፓምፕና ቢያንስ 6 ሜትር ቱቦ ይኖረዋል፣ ምክንያቱም የሚለካው ክዳኑ ሳይነሳ በቀዳዳው፣ ከዚያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ነው፤ ሜቴን ላይ ይንሳፈፋል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ታች ይተኛል። መለኪያው ገብቶ በሚሠራው ሰው ደረት ላይ እስኪወጣ ይቆያል። ሲሊንደሩ ከነሬጉሌተሩ «የመለኪያው አካል» ተብሎ ተጽፎ በቋሚ ንብረቱ ውስጥ አለፈ። ይህን ዘዴ የጠቆሟት የግምጃ ቤት ኃላፊው ናቸው። ሴንሰሮቹንም አሁን እንደ መድኃኒት ማብቂያ ቀናቸውን ካርድ ላይ ጽፈው ይከታተላሉ፤ ቀኑ ሲቀርብ ራሳቸው ይደውሉላታል።

ዘንግ ግን እስካሁን አልተገዛም። መለኪያውም ቢሆን በ11 ሰዓት ተመላሽ ይሆናል፣ ግምጃ ቤቱ ይዘጋል። የማታ ጥሪ ሲመጣ ቁልፉ ከማን እንደሚወሰድ እንዲገለጽ ለንብረት ክፍል ደብዳቤ ተጽፏል፤ መልሱ እየተጠበቀ ነው።