የልጁ ምስጢር የልጁ ነው

ሥራዬ ወጣቶችን በሥነ ልቦና ማማከር ነው። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ከወላጆች ጋር ስንወያይ አንድ አባት ‹‹የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ልጄ የነገረሽን ሁሉ ልትነግሪኝ ይገባል›› አሉኝ። ‹‹አባቴ፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ሳልውል ሳላድር እነግርዎታለሁ፤ የቀረው የእሱ ነው›› አልኳቸው። በዚህ አልደራደርም። ምስጢሩ የወጣበት ልጅ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

ፊት ለፊት መፋጠጥ ለብዙ ወጣቶች ይከብዳል። ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጽፋለን፤ ‹‹ጓደኛዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ››፣ ከሥሩ ‹‹ጠልቶኛል››፣ ቀጥሎ ‹‹ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?›› መንገዱ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካዳበሩት፣ ሰው የራሱን ሐሳብ እንዲመረምር ከሚረዳ ሕክምና የተወሰደ ነው። ምክርማ ቤትም ትምህርት ቤትም ሞልቷቸዋል! እኔን ደስ የሚለኝ መልሱን ልጁ ራሱ ሲያገኘው ነው።

አባትየው ቅር እያላቸውም ቢሆን ማክሰኞ ልጁን ይዘው ሊመጡ ተስማምተዋል።