የእንጀራ ዓይን

ልጄ ሥራ ስትውል የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጄን የምይዝላት እኔ ነኝ። ቤታችን አራት ኪሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዋ ያታክተኝ ነበር። እኛ ያደግነው «ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል» እየተባልን ነው፤ አንድ ቀን እኔም «አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት። እስከ ማታ አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም። ደነገጥኩ።

በማግስቱ ስጋግር አጠገቤ ቁጭ ብላ ታያለች። ሊጡ ዓይን ሲያወጣ ልከድነው አክንባሎውን ሳነሳ «እማማ፣ ለምንድነው ዓይን ያለው?» አለችኝ። አርባ ዓመት ጋግሬ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። «እኔ እንጃ፤ እስቲ እንየዋ» አልኳት።

በሚቀጥለው ሊጡ ሲቦካ፣ ያቀረረውን ውሃ ደፍተን በሁለት ትንንሽ ባልዲ ከፈልነው። ላንዱ ከሊጡ ጥቂት ቀንሼ አብስዬ አብሲት ጣልኩበት፤ ሌላውን እንዲሁ ተውኩት። እሷ በየደቂቃው ክዳን እየከፈተች ታሸታለች። አብሲት የገባበት ኩፍ ሲል «ይተነፍሳል!» ብላ ጮኸች። ማታ እናቷ ከስልኳ አነበበችልን፤ እርሾው የሚበላውን በልቶ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ምጣድ ላይ ሲወጣ ቀዳዳውን ይተዋል። አብሲት የበሰለ ስለሆነ ይቀለዋል አሉ። ልጅቷ ቀድማ አውቃው ነበር ማለት ነው። እንጀራው ራሱ መብራት ጠፍቶብን አምሽቶ ነው የተጋገረው። አብሲት የሌለው ዓይኑ የተደፈነ፣ ድርቅ ያለ ሆነ። የራሷ ስለሆነ ግን ለማንም አላካፈለችም።

ይህ ስለተሳካልኝ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳትና ዘውዱን፣ አልባሳቱን፣ ሁሉንም ላሳያት ሮጥኩ። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ማብራራት ጀመርኩ። አዛጋች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከኔ ትረዝማለች?» አፌን ዘጋሁና ጎን ለጎን አቆምኳት። ከዚያ በኋላ ሌላውን ክፍል ሁሉ ትተን ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆየን።

የድንቅነሽ ቁመት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ገደማ ነው። ቤት ገብተን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካናት፤ በአራት ሴንቲ በለጠቻት። አሁን የጓዳችን በር ላይ ሁለት የጠመኔ ምልክት አለ። የድንቅነሽ ለምን እንደማያድግ ትናንት ጠይቃኛለች።