ሰባት ወር የሠራ ራም እንዴት አስቀየርኩ

ጥር 2017፣ ሰርግ በሰርግ ላይ የተደራረበበት ሰሞን ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ኤክስፖርቱ (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣቱ) 80 ፐርሰንት ደርሶ ኮምፒውተሬ ድንገት ሰማያዊ ስክሪን አሳየኝና ጠፋ። አስነሳሁት። እንደገና ጠፋ። የሙሽራዋ እህት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ትደውላለች።

እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ቫይረስ ነው» አለኝ። ሌላው «ፎርማት አድርገው»። አደረግኩት፣ ያው ነው። የሰፈራችን ጠጋኝ ራሞቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዙትን የሜሞሪ ካርዶች፣ አወጣና ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በተማሪ ላጲስ ፈትጎ፣ እፍ ብሎ መለሳቸው። ላጲሱን አልንቅም፤ ችግሩ አቧራና ቆሻሻ ከሆነ እውነትም ይሠራል። ለእኔም ሦስት ቀን ሠራልኝ። በአራተኛው ቀን እዚያው ተመለስን።

ራሙን የጠረጠርኩት ስህተቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው። አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ አንዴ ሌላ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ኮፒ ያደረግኩት ፋይል ተበላሽቶ ይገኛል። አንድ ፕሮግራም ብቻ ቢሆን የታመመው ቦታው በታወቀ ነበር።

ራሞቹን የገዛሁት ሰኔ 2016 መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ባለ 8 ጊጋ ሁለት፣ ጥንድ ሆነው በአንድ ማሸጊያ የመጡ፣ የአንድ ዓመት ጋራንቲ ያላቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሬን አቅፌ በሚኒባስ ሄድኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። ልጁ ሰካው፣ አበራው፣ ዩቲዩብ ከፈተበት። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ኮምፒውተሩ ልክ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሕፃን ጤነኛ ሆነ። «ይኸው ይሠራል እኮ» አለኝ። ምን ልበል? ተመልሼ አቀፍኩት።

ማታውኑ ሜምቴስት 86 የሚባለውን ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንኩ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ከፍላሹ ይነሳና ራሙ ላይ እየጻፈ፣ የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ልዩነት ካገኘ በቀይ ያወጣዋል። አስጀምሬው ወደ መኝታዬ ሄድኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝልኝ ዩፒኤሴ ደግሞ ከሩብ ሰዓት በላይ አይችልም፤ ጠዋት ስነሳ ውጤት የለም። ከዚያ በኋላ ቀይ መስመር ባየሁ ቁጥር ወዲያው በስልኬ ማንሳት ለመድኩ።

በሁለተኛው ማታ ራሞቹን አንድ በአንድ ፈተንኩ። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን አራት የፍተሻ ዙር በሙሉ ያለ እንከን ጨረሰ። ሁለተኛው ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑን አቀላው። ስሎት (የሚሰካበትን ቦታ) ቀየርኩለት፣ አሁንም ቀይ። ጤነኛውን እዚያው ስሎት ላይ ስሰካው ንጹሕ። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ነፃ ነው፤ ችግሩ ራሙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። አንድ ነገር ቀረኝ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው 3200 ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ማፍጠኛ ሲበራ ነው። «አስጨንቀኸው ነው» እንዳይሉኝ አጥፍቼው በዝግታ ሞከርኩ። ቀዩ አልቀረም።

ወረቀቱስ? የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝ ከቦርሳዬ ሳወጣው ነጭ ሆኗል። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል። ያዳነኝ የገዛሁ ዕለት ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ መላኬ ነው። ማህተም ያለበት የጋራንቲ ወረቀት ደግሞ አለ፤ ሴሪያል ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሕጉንም አየሁት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛህ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ ይላል። እኔ ሰባት ወር አልፎኛል። ሻጩ ራሱ የሰጠው የተሻለ ዋስትና ካለ ግን እሱ እንደተጠበቀ ነው። ስለዚህ አዋጅ መጥቀሱን ትቼ የራሳቸውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ።

በዚህኛው ጉዞ ኮምፒውተር አልተሸከምኩም። ሁለቱ ራሞች፣ ወረቀቱና ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ልጁ ገና ሲያየኝ «ወንድሜ፣ ይሄ የመብራት ጣጣ ነው» አለ። ዩፒኤስ እንደምጠቀም ነገርኩትና ክርክሩን ተውኩት። «በራሳችሁ ማሽን ላይ እየው» አልኩና ፍላሹን ሰጠሁት።

ስድስት ደቂቃ አልፈጀም። ቀይ መስመሩ መዝነብ ሲጀምር ልጁ ዝም አለና ባለቤቱን ጠራ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«የሰጡትን ቁጥር መልሰው ሲጠይቁት ሌላ ቁጥር እየነገረ ነው፣ ጋሼ።»

«ይዋሻል ማለት ነው?»

«ይዋሻል።»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የልብ ሆነ ብዬ ሳስብ «በቃ ብርህን ልመልስልህ» አሉ። ለሰሚው ቸርነት ይመስላል። ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስገዛ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥር ከ120 ብር በላይ ሆኗል። የሰኔ ብሬን ይዤ ብወጣ አንዱን ራም እንኳ መግዛቴን እንጃ። ጋሼም ይህን ያውቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም ምትኩን የሚያስመጡት በአዲሱ ዋጋ ነው። ቢሆንም ወረቀታቸው «ይቀየራል» ነው የሚለው። ጣቴን እዚያ ቃል ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ ብሩ ይቅርብኝ፤ ዕቃውን ይቀይሩልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ተነፈሱና «እሺ፣ ታገሰኝ» አሉ።

ጥንድ ስለሆኑ ሁለቱንም እንድመልስ ጠየቁኝ። ሥራ እንዳይቆምብኝ ጤነኛው እስኪመጣ ድረስ እኔ ጋ እንዲቆይ ለመንኳቸው፣ ፈቀዱ። ለአንዱ ግን ወረቀት ላይ «ተረክበናል» ብለው ቀን ጽፈው ፈረሙልኝ። በ8 ጊጋ እየተንፏቀቅኩ የሙሽሮቹን ቪዲዮ አስረከብኩ።

በዘጠነኛው ቀን ተደወለልኝ። አዲሶቹን ሳልፈትን አልወጣሁም፤ ቡና አዝዘን አንድ ሙሉ ዙር እስኪያልቅ ጠበቅን። ንጹሕ። አዲሶቹን ሴሪያል ቁጥሮች አሮጌው ወረቀት ላይ አስጻፍኩ፣ ማህተም አስደረግኩ። ጋራንቲው እንደ አዲስ ይቆጠር እንደሆን ጠየቅኩ። አይቆጠርም፤ እስከ ሰኔ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል ልጁ ተከተለኝ። «ወንድሜ፣ ያቺን ፍላሽ ለአንድ ሁለት ቀን ታውሰኛለህ? ሌላ ደምበኛ አለብን፣ እሱም እንደ አንተው እየመጣ ይጨቃጨቃል።»

ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።