በጣና ዳር የጥርጣሬ መጻሕፍትን ስፈልግ

በባሕር ዳር ስለ እምነትና ስለ ጥርጣሬ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው በመጽሐፍ እጦት ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገውን በስሙ ጠርቶ ለመጠየቅ አለመድፈሩም ሌላው ችግር ነው። እኔም ከአራት ዓመት በፊት አሮጌ መጻሕፍት አስፋልት ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ወጣት ፊት ቆሜ «የፍልስፍና ነገር ይኖርሃል?» አልኩ እንጂ ሃይማኖትን የሚጠይቅ መጽሐፍ እንደምፈልግ አልተናገርኩም። ልጁ ከሥር ጎትቶ የሰጠኝ በደርግ ዘመን የታተመ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው የማርክሲዝም መማሪያ ነበር። መጽሐፉ ሃይማኖትን በጥቂት ገጾች ጨርሶ ወደ ምርት ኃይሎች ይሻገራል፤ መደምደሚያው መጀመሪያ ላይ ስለተቀመጠ አንባቢው የሚጠራጠርበት ቦታ አያገኝም። ከሃምሳ ገጽ አላለፍኩም።

ቀጥሎ የሞከርኩት የብዙዎቻችን ቤተ መጻሕፍት የሆነውን ቴሌግራምን ነው። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን፣ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶኪንስ እምነትን የሚሞግትበትን ዝነኛ መጽሐፍ «The God Delusion»ን በስልኬ አውርጄ፣ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ጭምር በሚያበራው ስክሪን ላይ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያስረዳ የሚስተካከለው የለም፤ ሆኖም ጠቡ በአመዛኙ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሰባክያን ጋር ስለሆነ፣ በጾም፣ በማኅበርና በታቦት ንግሥ ውስጥ ላደግሁት ለእኔ የሰው ጎረቤቶች ሲጣሉ በአጥር ላይ እንደማዳመጥ ሆነብኝ። መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለመጀመሪያ የሚመረጥ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለውን የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳገኝ ነው። ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ወደ ቤት ስገባ፣ ከገጽ 64 በኋላ የሚመጣው ገጽ 81 መሆኑን አየሁ። ሥራውን የሠሩልኝ ሰዎች ጥፋቱን ሊያምኑ ስላልፈለጉ ሁለተኛ ከፍዬ አስቀዳሁት። ከዚያ ወዲህ የተቀዳ መጽሐፍ ስገዛ ገጹን አንድ በአንድ ሳልቆጥር ከሱቅ አልወጣም።

የሐተታው ተራኪ በ1599 ገደማ በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ የተወለደ ሊቅ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ተከስሶ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ተቀመጠ። ፈረንጆቹ የእኛ እምነት ትክክል ነው ይላሉ፣ ግብጻውያኑም እንዲሁ፣ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? ብሎ የጠየቀው በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ነው። ፈራጁ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ልቡና ነው ይልና፣ በዚያ ሚዛን ጾሙንም፣ ምንኩስናውንም፣ ከአንድ በላይ ማግባትንም ይመዝናል። ከዋሻው በኋላ የኖረው እንፍራዝ ነው፤ እኛ ወደ ጎንደር ስንሄድ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን፣ የጉዛራ ግንብ አጠገብ የምናገኛት ከተማ ማለት ነው። ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ዳዊት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ፣ ኂሩት የምትባለውን አገልጋይ አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎም ጻፈ። በሚኒባስ ስንት ጊዜ ያለፍኩበትን አገር በመጽሐፍ ውስጥ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ዶኪንስ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

ግእዜ ደካማ ስለሆነ ጎረቤታችን ወደሆኑት መሪጌታ ዘንድ ወሰድኩት፤ ከሓዲ የጻፈው ይባላል ብዬ አስቀድሜ አስጠነቀቅኋቸው። በረንዳቸው ላይ መነጽራቸውን ጆሮአቸው ላይ በክር አስረው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ሁለት ገጽ ያህል በዝምታ አነበቡ።

«ይኸ ሰው ዳዊት ደጋሚ ነው። አነጋገሩ ሁሉ ዳዊት ዳዊት ይሸታል» አሉ። «ከሓዲ ያልኸኝ ይኸንን ነው እንዴ?»

«እግዚአብሔርን አይክድም መሪጌታ፤ ሃይማኖቶቹን ነው የሚጠይቅ።»

«እሱማ ሌላ ነገር ነው» ብለው ገጹን ገለጡ።

እኔ እምነት የለሽነትን ስፈልግ ያገኘሁት በፈጣሪ የሚያምን ሰው ነበር፤ ቢሆንም ስለ መጠራጠር ከእርሱ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ከዚያም ባሰ፣ መጽሐፉ ራሱ የሚያጠራጥር ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉን በ1850ዎቹ አግኝቼ ገለበጥኩት ብሎ ወደ ፈረንሳዊው ተጓዥና ተመራማሪ አንትዋን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካቶሊክ (ካፑቺን) ሚስዮናዊ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የራሱ የሚስዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ክሎድ ሰምነር ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለአንድ ሳምንት ያህል ተናድጄ ነበር፤ ለካ የተናደድኩት የእኛ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። የሌላውን እምነት ለመመርመር ስፈጥን፣ የምወደውን ነገር ለመመርመር እንዴት እንደዘገየሁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ይዣለሁ፤ ልቤ ግን አሁንም ወደ እንፍራዝ ያደላል፤ አድልዎ መሆኑንም አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። አርእስቱን ትቼ፣ ጸሐፊው የሚቃወመውን ሰው የሚያናግርበትን ገጽ ፈልጌ አነባለሁ፤ አማኙ ሞኝ ሆኖ ከቀረበ መጽሐፉን እመልሳለሁ። የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የበርትራንድ ራስል የ1927 ንግግር፣ «ለምን ክርስቲያን አልሆንኩም» የሚለው፣ አጭር ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ቀልዱ ደስ ቢለኝም የችኮላ መልክ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሴጋን በ1995 ያሳተመውን፣ አጉል እምነትን በሳይንስ የሚፈትን መጽሐፍ ደግሞ ለወንድሜ ሰጠሁት። ጋራዤ ውስጥ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ የሚለው ሰው፣ ዘንዶው የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ እሳቱም ሙቀት የሌለው ነው እያለ ከፈተና ሁሉ የሚያመልጥበትን ክፍል አንብቦ፣ ስለ ሰፈራችን ቡዳ ወሬ ራሱ ጥያቄ ማንሳት ጀመረ። ሃይማኖትን በቀጥታ የማይነካ መጽሐፍ በቤተሰብ መካከል ብዙ ርቀት እንደሚሄድ ከዚያ ተረዳሁ። እናቴም ሽፋኑን አይታ «የሳይንስ ነው» ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

ከሁሉ የወደድኩት የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን ስለ ተፈጥሯዊ ሃይማኖት የተጻፈ ምልልስ ነው። ሂዩም በ1776 ሞቶ መጽሐፉ የወጣው በ1779 ነው፤ በሕይወት እያለ ለማሳተም ወዳጆቹ ሳይቀሩ ፈርተውለት ነበር። ዴሚያ፣ ክሊያንተስና ተጠራጣሪው ፋይሎ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአሥራ ሁለት ክፍል ይከራከራሉ፤ ማንም ማንንም አይሳደብም። የመጀመሪያውን ክፍል በደብተር ላይ ወደ አማርኛ መልሼ ለመሪጌታ አነበብኩላቸው።

«ከሦስቱ ደራሲው የትኛው ነው?» አሉኝ።

«አብዛኛው ሰው ፋይሎ ነው ይላል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ግን ድሉ ለክሊያንተስ ነው የተሰጠው።»

«እንግዲያስ አንድምታ ያስፈልገዋል» አሉና ሁለተኛውን ክፍል ለማክሰኞ ቀጠሩኝ። እርሱ ደግሞ ክሊያንተስ ዓለምን ከታላቅ ማሽን ጋር አመሳስሎ፣ እንደ ማሽኑ ሁሉ አስቦ የሠራው አለ የሚልበት ነው፤ «ዲዛይን» የሚለውን ቃል «ንድፍ» ልበለው ወይስ «ጥበብ» ገና አልወሰንኩም፤ «ጥበብ» ካልኩት ለክሊያንተስ ሳይከራከር ፈረድኩለት ማለት ነው።