አታጨብጭቡ

ዛሬ ከማንም ጋር ማውራት አላሰኘኝም። እንዲያው የሆነ ዝም የሚያስብል እሁድ ነው። ቡናዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረች ነገር ተለጥፋለች። ቢራቢሮ መስላኝ ጠጋ ስል ብድግ አለች፣ ከስር ብርቱካናማ ቀይ ብልጭ አደረገች።

ጎግል ሳደርግ ጀርሲ ታይገር ትባላለች አለኝ። የእሳት እራት ናት፣ ግን በጠራራ ፀሐይ ትበራለች። ክንፏ ጥቁር ሆኖ ክሬም መስመር ካለበት እሷ ናት፤ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ከሆነች ሌላዋ ዘመዷ ናት። ድሮ ለንደን ውስጥ አልነበረችም አሉ፣ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ጠረፍ አካባቢ ነበር የምትታየው። እንደ ፈረንጅ ከ2000ዎቹ ወዲህ ነው እዚህ የተደላደለችው። እንደኛ በይው።

ክንፍ የሚኖራት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን አባ ጨጓሬ ናት። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ትፈለፈላለች፣ ገና ጥቃቅን ሳለች ብርዱን ተደብቃ ታሳልፋለች፣ ሲሞቅ ሳማ ትግጣለች። አዎ፣ ያንን የሚለበልበውን ሳማ። ከዚያ መሬት አጠገብ ሙሽሬ ሆና፣ ማለትም ክንፍ እስክታወጣ በሽፋን ተጠቅልላ፣ ትሰነብታለች።

እሱን ሳነብ ሮድስ ደረስኩ። ግሪክ ደሴት ላይ የቢራቢሮዎች ሸለቆ የሚሉት ቦታ አለ፣ ቢራቢሮ የተባሉት ግን እነዚሁ ናቸው። በጋው ሲያቃጥል በሺዎች እየሆኑ ይመጡና ጥላው ውስጥ ግንድ ላይ ይለጠፋሉ። እዚያ አይበሉም። እንቁላል እስኪጥሉ የሚያቆያቸው የያዙት ስብ ነው። ቱሪስቱ ታዲያ ቀዩን ለማየት ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። በደነገጡ ቁጥር ይበራሉ፣ በበረሩ ቁጥር ስባቸው ያልቃል። ቁጥራቸው እየተመናመነ ሲሄድ ማጨብጨብ ተከለከለ።

ይሄ ነገር ለምን እንዲህ እንደነካኝ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። እሁድ በመጣ ቁጥር ዋትስአፑ ይጮሃል። እስቲ ፈገግ በይ። እስቲ ቤቱን አዙረሽ አሳዪን። ከሳሽ እኮ! ያቺ ቀሚስ የታለች? እኔም ብድግ እላለሁ፣ ቀዩን ብልጭ አደርጋለሁ፣ ስልኩ ሲዘጋ ሶፋ ላይ እዘረጋለሁ። በፍቅር እንደሚደውሉ ይገባኛል። ሮድስ የሚያጨበጭበውም ጠልቷቸው አይደለም።

ግን ይሄ ለእትዬ እንዴት ተብሎ ይነገራል? «እትዬ፣ ስቤን እየቆጠብኩ ነው፣ አታጨብጭቢብኝ» ብላት፣ በሚቀጥለው መንገደኛ ጠበል ነው የምትልክልኝ። ያውም በሁለት ጀሪካን።